ሰፈራችን የኤስቪዩ ቀረጻ መጥቶ ፎቶ ሳነሳ «አይቻልም» ተባልኩ። እውነት ነው?

ቤዛ_ሃይትስ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲመልስልኝ ነው የምፈልገው።

የምኖረው ማንሃታን ሰሜን ጫፍ፣ ዋሽንግተን ሃይትስ ነው። ባለፈው ሳምንት መንገዳችን ላይ ያሉ ዛፎችና የመብራት ምሰሶዎች ላይ መኪና እንዳታቆሙ የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ቀረጻ ሊመጣ ነው። የማን እንደሆነ ስጠይቅ የ«ሎው ኤንድ ኦርደር ኤስቪዩ»፣ የፖሊስና የወንጀል ድራማው፣ ተባልኩ። እማዬን ያኔ ብታዩዋት! አሜሪካ እንደመጣን እንግሊዝኛ የለመደችው ከዚህ ድራማ ነው። ቀን ሥራ ውላ ማታ ድግግሞሹን ትከፍታለች፣ ያልገባትን ቃል እኔን ትጠይቃለች፣ እኔ ደግሞ የ10 ዓመት ልጅ ሆኜ «ዋራንት» ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ ማስረዳት ነበረብኝ። የድራማው ዋና ፖሊስ ኦሊቪያ ቤንሰን እኛ ቤት እንደ ዘመድ ናት።

ጠዋት ከሌሊት ሥራ ስመለስ ካሜራዬን ይዤ ወጣሁ። ከማዶ፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሜ ነው ያነሳሁት። የድራማው የፖሊስ መኪኖች፣ ቢጫው የወንጀል ቦታ ጥብጣብ፣ ኬብል የሚጠቀልል ሽማግሌ፣ ካፖርት ደርባ ቡና የምትጠጣ ተዋናይ። መሬት ላይ «ሬሳ» ሆኖ የተኛው ልጅም አለ፤ አንዴ እንደተኛ፣ አንዴ ደግሞ ተቀምጦ አፍንጫውን ሲያክ። ከዚያ ጆሮው ላይ ሬዲዮ የሰካ ወጣት መጣና «ፎቶ ማንሳት አይቻልም» አለኝ። ደንግጬ ካሜራውን ዝቅ አደረግኩት። ቤት ገብቼ ግን በጣም ተናደድኩ። የምኖርበት መንገድ እኮ ነው።

እና ሊከለክለኝ ይችላል? ያነሳሁትን ኢንስታግራም ላይ ብለጥፍስ?

ዋናው ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። እዚያው ከትልቁ ካሜራ አጠገብ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ነበረች። ሁለት የፎቶ ካሜራ አንጠልጥላለች። ማንም አይከለክላትም፣ ደግሞ ማንም ልብ አይላትም። ያ ሥራ ምን ይባላል? እንዴትስ ይገባበታል? እኔ ቅዳሜና እሁድ ሠርግና ክርስትና አነሳለሁ። እሷን ካየሁ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል።

ዳዊት_ኩዊንስ

ቤዚ፣ የመጀመሪያውን እኔ ልመልስልሽ። ያ ልጅ ፒኤ፣ ማለትም የቀረጻ ረዳት ነው፣ እኔም ሦስት ዓመት ያንን ሬዲዮ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ቆሜያለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ባዶ መንገድ ላይ ኮን ስትደረድሪ ታድሪያለሽ፣ ከዚያ አለቃሽ በሬዲዮ «ማዶ ያለችውን አንሱልኝ» ይልሻል፣ አንቺም የመጣልሽን ትናገሪያለሽ። «አይቻልም» ማለት ቀላል ስለሆነ ነው እንጂ ሥልጣኑ የለውም።

የከተማው ፈቃድ የሚወጣው ከከንቲባው የሚዲያና መዝናኛ ቢሮ ነው። ቢሮውን እ.ኤ.አ. በ1966 ያቋቋመው ከንቲባ ጆን ሊንድሴይ ነው፣ ፊልም ሠሪዎችን ወደ ኒው ዮርክ ለመሳብ። ፈቃዱ ለመኪኖቻቸው የመንገዱን ዳር ይይዝላቸዋል፣ ካሜራው ሲሠራ እግረኛን ለአንድ ሁለት ደቂቃ «ቆይ» ማለትም ይችላሉ። መንገዱን ግን የግል ግቢ አያደርገውም። ከእግረኛ መንገድ ላይ ለዓይን የሚታየውን ማንሳት ትችያለሽ። በእጅሽ በያዝሽው ካሜራ ደግሞ አንቺ ራስሽ ፈቃድ አያስፈልግሽም።

ሕንፃ ውስጥ ከገቡ ሌላ ነው፣ እዚያ ባለቤቱ ያለው ይሆናል። መንገድ ላይም ቢሆን ከኮኑና ከኬብሉ ወዲያ አትለፊ። ፍላሽ በጭራሽ! «ሮሊንግ» ሲባል ባለሽበት ቁሚ፣ ስልክሽን ድምፅ አጥፊ። አንድ ትዕይንት በአንድ የስልክ ጥሪ ሲበላሽ አርባ ሃምሳ ሰው ነው እንደገና የሚጀምረው።

መለጠፉ ችግር የለውም። ችግር የሚመጣው ለንግድ ስትጠቀሚበት ነው። የሰውን ፎቶ ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ ለማስታወቂያ መጠቀምን የሚከለክለው የኒው ዮርክ ሕግ ከ1903 ጀምሮ አለ። ቤንሰንን የምትጫወተውን የማሪስካ ሃርጊቴይን ፎቶ «ሠርግዎን እናንሳ» የሚል ማስታወቂያሽ ላይ እንዳታደርጊ ማለቴ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ፎርት ትራየን ፓርክ እናንተ ሰፈር አይደል? በኤፕሪል 2024 እዚያ ሲቀርጹ አንዲት ሕፃን ከእናቷ ተለይታ ጠፍታ ነበር። ማሪስካን በባጇ እውነተኛ ፖሊስ መስላት እርዳታ ጠየቀቻት። እሷም ቀረጻውን አስቁማ ልጅቷን ይዛ እናቷን አገናኘቻት፣ ወደ 20 ደቂቃ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ። ያ ነገር ዓለምን የዞረው ቦታው ላይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ስለነበረ ነው። ማንም ያላቀደው ፎቶ። እኔ ከዚያ ሥራ ከወጣሁ ቆየሁ፣ ግን ያንን ፎቶ ሳይ የቆምኩባቸው ሌሊቶች ሁሉ ትዝ አሉኝ።

የጨለማ_ክፍል

ልጄ ቤዛ፣ ያየሻት ሴት ስቲል ፎቶግራፈር ትባላለች፣ ቀረጻው ሲካሄድ ፎቶ የምታነሳ ማለት ነው። እኔ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሥራ ነው የኖርኩት። አብዛኛው በትናንሽ ፊልሞች ነው፣ አንዳንድ ጊዜ በቴሌቪዥን ድራማዎች ለጥቂት ቀን ስጠራ። ኤስቪዩ ላይ አልሠራሁም፣ የሥራው ባሕርይ ግን አንድ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ «ማንም ልብ አይላትም» ያልሽው ሙያው ራሱ ነው። ጥቁር የምትለብሰው ብርሃን እንዳታንጸባርቅና መስኮትና መስታወት ላይ እንዳትታይ ነው። የምትቆመው ተዋናዩ የሚያይበት አቅጣጫ ላይ አይደለም። ሰውዬው ልጁ እንደሞተች ሲነገረው እያለቀሰ፣ ከአነጋጋሪው ትከሻ ጀርባ አንቺ ካሜራ ስትቀይሪ ካየ ትዕይንቱ ሞተ። አንድ ጊዜ ይህን ካጠፋሽ በሚቀጥለው ቀን አትጠሪም።

ድምፅም አለ። ድሮ ካሜራችን «ቻክ» ይል ነበር፣ ያን ድምፅ ደግሞ ማይክሮፎኑ ይለቅመዋል። ስለዚህ ካሜራውን ብሊምፕ የሚባል፣ ውስጡ ስፖንጅ የተሞላ ሳጥን ውስጥ ከተን ነበር የምንሠራው። የጄኮብሰን የሚባለው ነበር የሚታወቀው። ይከብዳል፣ ቁልፎቹን እንደልብ አትነኪም፣ ሌንስ መቀየር ሥራ ነው። የአንገቴ ሕመም ከዚያ የቀረ ነው። ሚረርለስ የሚባለው፣ ውስጡ የሚንቀሳቀስ መስታወት የሌለው ካሜራ ሲመጣ፣ በተለይ በ2017 ሶኒ ኤ9 ከወጣ በኋላ፣ ያለ ምንም ድምፅ ማንሳት ተቻለና ሳጥኑ ቀረ ማለት ይቻላል። አዲስ ችግርም አብሮ መጣ፦ ድምፅ አልባው ሸተር በአንዳንድ የኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶው ላይ መስመር መስመር ይሠራል። የፖሊስ መኪና ሰማያዊና ቀይ መብራት ያለበት ትዕይንት እኮ በወንጀል ድራማ የዕለት እንጀራ ነው! ስለዚህ በልምምዱ ጊዜ አንስተሽ፣ አጉልተሽ አይተሽ፣ ፍጥነቱን ታስተካክያለሽ።

ያነሳሽው ሁሉ አይወጣም። ዋና ተዋናዮች ከፎቷቸው የተወሰነውን የመሰረዝ መብት በውላቸው አላቸው። በጣም የወደድሽው ተሰርዞ ሊመለስ ይችላል። ይህን መልመድ ከባድ ነው፣ እኔ ሙሉ በሙሉ ለምጄዋለሁ አልልም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሠርግና ክርስትና አነሳለሁ ያልሽውን እንደ ትንሽ ነገር ያየሽው መሰለኝ። በድራማው የፖሊስ ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ፎቶዎች ትዝ ይሉሻል? የጠፋችው ልጅ በልደቷ ቀን፣ ተጎጂዋ ከእህቷ ጋር ባሕር ዳርቻ፣ ተጠርጣሪው የቀድሞ ሠርጉ ላይ። እነዚያን ፎቶዎች ሁሉ ሰው አንስቷቸዋል። ብዙ ጊዜም የሚያነሳቸው ስቲል ፎቶግራፈሩ ነው። ፈጽሞ የማይተዋወቁ አራት ተዋንያን ይሰጡሽና፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ የ20 ዓመት ቤተሰብ አድርጊያቸው ትባያለሽ። ፎቶው ደግሞ የባለሙያ መምሰል የለበትም፣ አጎት ያነሳው መምሰል አለበት። አንዷ ዓይኗን ጨፍናለች፣ የአንዱ ትከሻ ተቆርጧል፣ ከኋላ የማንም ያልሆነ እጅ ገብቷል። ይህን ለማድረግ እውነተኛ ቤተሰብ ፎቶ ሲነሳ ምን እንደሚመስል ማወቅ አለብሽ። አንዴ ለአንድ ድራማ «የጠፋች ልጅ» ፎቶ መናፈሻ ውስጥ አንስቻለሁ። ተዋናይዋ ያን ቀን ብቻ ነው የመጣችው፤ በድራማው ውስጥ ከዚያ ፎቶ ሌላ የትም የለችም። ታሪኩ በሙሉ የቆመው በእሷ ፈገግታ ላይ ነበር። ከሠራኋቸው ሁሉ በጣም የምኮራበት እሱ ነው።

ተክሊል ላይ ደግሞ ቄሱ ፊት ሳትቆሚ፣ ዜማውን ሳትረብሺ፣ ዘውዱ ሲጫን የግድ ማንሳት ያለብሽን ታነሺ የለም እንዴ? እሱ ነው። ግማሹን ታውቂዋለሽ።

መግቢያውን በተመለከተ፣ ትላልቆቹ ድራማዎች በዩኒየን ነው የሚሠሩት፣ የካሜራ ባለሙያዎቹ ሎካል 600። ወዲያው አይከፈትም። በኮሎምቢያና በኤንዋይዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች አጫጭር ፊልሞች ጀምሪ፣ ስቲል የሚያነሳላቸው ሰው ሁሌ ይጎድላቸዋል። ከዋናው ትዕይንት ጎን ሥራውንም አንሺ፦ መብራት የሚሰቅለውን፣ ሜካፕ የምታድሰዋን።

ሜሮን_ቦሌ

ጋሼ ስለ ግድግዳው ፎቶ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፣ ተከታታይ ድራማዎች ላይ አልባሳትና ኮንቲኒዩቲ (ከትዕይንት ትዕይንት ነገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን መጠበቅ) እሠራለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቀረጻ ጀርባ ከሚነሱት ፎቶዎች እጅግ ብዙዎቹ ለተመልካች አይደሉም፣ ለእኛ ናቸው። ትዕይንት በቅደም ተከተል አይቀረጽም። ጀግናው ዛሬ ደም የነካው ሸሚዝ ለብሶ ከቤት ይወጣል፣ ከቤት ውስጥ ያለው ክፍል የሚቀረጸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ደሙ የት ጋ ነበር? ስንተኛው ቁልፍ ተከፍቷል? ሰዓቱ በየትኛው እጅ ነበር? ያንን የሚያስታውስልን ፎቶ ነው። ድሮ ውጭ አገር በፖላሮይድ ነበር የሚሠራው፣ ወዲያው ይወጣል፣ ጠርዙ ላይ የትዕይንቱን ቁጥር ይጽፉበታል። በ2008 ፖላሮይድ ፊልሙን ማምረት ሲያቆም ሁሉም ወደ ዲጂታል ዞረ። እኔ በስልኬ ነው የማነሳው። የአንድ ተዋናይ አንገትና ጉልበት ብቻ ስድስት ሺህ ፎቶ አለኝ።

ኤስቪዩ ከ1999 ጀምሮ ነው ያለው፣ ማሪስካ ሃርጊቴይ ያኔ ጀምራ አሁንም አለች። እስቲ አስቡት፣ የአንዲት ሴት ፊት፣ ፀጉር፣ ጃኬት፣ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ለኮንቲኒዩቲ ተነስቷል። በዚያ ድራማ ላይ የሠሩ የፀጉርና የሜካፕ ባለሙያዎች የነኳት እናቷ ከነካቻት በላይ ነው። የእነሱን ሥራ የሚያሳይ ፎቶ ባገኝ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ቤዛ፣ ካፖርት ደርባ ቡና ስለምትጠጣዋ ያልሽውን እዚህ ብታሳዪን?

ሄኖክ77

በሁሉም እስማማለሁ፣ በአንድ ነገር ግን አይደለም። ቤዛ፣ የ«ሬሳውን» ፎቶ ባትለጥፊ እመርጣለሁ።

ሕጉ አይከለክል ይሆናል። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ የማውቀው ልጅ ከሥራ ሲመለስ እንዲህ ዓይነት ቀረጻ አይቶ አነሳና የሰፈራችን የሐበሾች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያለ ምንም ማብራሪያ ለጠፈው። ጥብጣብ፣ የፖሊስ መኪና፣ የተሸፈነ ሰው፣ የሚታወቅ ጥግ። እዚያ ጥግ ላይ ብዙ ልጆቻችን ሌሊት ታክሲና ዴሊቨሪ ይሠራሉ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ እናቶች ልጆቻቸው ጋ እየደወሉ ነበር። የአንዷ ልጅ ስልኩ ተዘግቶ ነበርና እየሮጠች መንገድ ወጣች። በኋላ ቀረጻ ነው ተባለ። እሷ ግን እስከ ንጋት እጇ ይንቀጠቀጥ እንደነበር አውቃለሁ፣ አክስቴ ናት።

ደግሞ ይህ ድራማ የሚያወራው ስለ ምን እንደሆነ አትርሱ። የተደፈሩ ሰዎች ታሪክ ነው። ማሪስካ ራሷ ከተመልካቾች በሚደርሷት ደብዳቤዎች ተነክታ በ2004 ጥቃት ለደረሰባቸው የሚቆም ፋውንዴሽን መሥርታለች። እንደዚህ የሚያዩት ሰዎች አሉ። ከቀረጻው ወጥቶ ብቻውን የሚዞር የ«ተጎጂ» ፎቶ ለእነሱ ምን እንደሆነ ማሰብ አለብን።

የታሪኩን ምስጢር ማውጣትም አለ። የቤንሰን የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ስቴብለር ከ10 ዓመት በኋላ በ2021 ወደ ድራማው ሲመለስ መንገድ ላይ የተነሱ ፎቶዎችን ሳላይ ለመጠበቅ ስንት ነገር ነው የዘጋሁት! ይህ ግን ትንሹ ነው።

የጨለማ_ክፍል

ሄኖክ፣ ያልከው ልብ ይነካል። አክስትህን እግዜር ያጽናልን።

በእኛም ዘንድ የቆየ ጥያቄ ነው። በ1930ዎቹና 40ዎቹ ዊጂ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር፣ ትክክለኛ ስሙ አርተር ፌሊግ፣ በልጅነቱ ከአውሮፓ የመጣ የስደተኛ ልጅ። መኪናው ውስጥ የፖሊስ ሬዲዮ አስገብቶ ኒው ዮርክን ሌሊት ሌሊት ይዞር ነበር፣ አንዳንዴ ከፖሊስ ቀድሞ ይደርሳል። ያነሳው እውነተኛ ሬሳ ነው። ዛሬ በወንጀል ድራማ የምናየው እርጥብ አስፋልት፣ ከጎን የሚመታ ብርሃን፣ በጥብጣቡ ማዶ አንገቱን ያሰገገ ሰው፣ ብዙው ከእሱ ዓይን የመጣ ነው። የእሱ ፎቶዎች ግን ውስጤ የቀሩት በሟቹ ምክንያት አይደለም። ሟቹን በሚያዩት ሰዎች ፊት ነው።

ኤስቪዩ የወጣበት የዋናው ሎው ኤንድ ኦርደር ፎቶግራፈር የነበረችው ጄሲካ በርስቲንም አለች። የድራማውን የወንጀል ቦታዎች ያነሳቻቸው ፎቶዎች በ2003 በመጽሐፍ ወጥተዋል። እዚያ ሟቹ ተዋናይ መሆኑን ገና ሽፋኑን ስታይ ታውቃለህ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ አንባቢው ምን እያየ እንደሆነ ተነግሮታል።

ስለዚህ ቤዛ፣ ያን ልጅ መለጠፍ ከፈለግሽ አፍንጫውን ሲያክ ያነሳሽውን ለጥፊ። ልጁ በሕይወት እንዳለ ይታያል፣ ካሜራውም መብራቱም አብሮ ይግባ። ከሥሩም የምን ቀረጻ እንደሆነ ጻፊበት። እኛ ለስቱዲዮ ስናስረክብ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቀን፣ ትዕይንትና የሰዎቹን ስም እንጽፋለን። ከሥራው ሁሉ አሰልቺው እሱ ነው፣ ግን ፎቶውን ከውሸት የሚጠብቀው እሱ ነው።

ጊዜ ካገኘሽ ደግሞ የዊጂ ማኅደር ያለው ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ማዕከል ነው፣ ታችኛው ማንሃታን ኤሴክስ መንገድ ላይ። ለካሜራሽ አዲስ ሌንስ ከመግዛትሽ በፊት እዚያ ግቢ።

ዳዊት_ኩዊንስ

ጋሼ የረሱትን እኔ ልጨምር። በፒኤነት መጀመርም ይቻላል። እኔ የገባሁት «ሜድ ኢን ኤንዋይ» በሚባለው የከተማው የፒኤ ሥልጠና ነው፣ ለሥራ ፈላጊ የኒው ዮርክ ነዋሪ በነፃ ነበር። ፎቶ አታነሺም፣ ግን ማን ምን እንደሚሠራ፣ መቼ ዝም እንደሚባል፣ የት እንደሚቆም እዚያ ትማሪያለሽ። ስቲል ፎቶግራፈሯም በስምሽ ታውቅሻለች።

ቤዛ_ሃይትስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የጠፋችው ልጅ ፎቶ ጋ ስደርስ «እንዴ፣ እነሱን ደግሞ ሰው ያነሳቸዋል?» አለች። በዚህ ሁሉ ዓመት አስባው አታውቅም። እኔም።

ሄኖክ፣ የተኛውን አልለጥፍም። አጥፍቼዋለሁ ማለት ግን አልችልም፣ ለራሴ አስቀምጨዋለሁ።

ሜሮን፣ ቡና የምትጠጣዋን ሳጎላት ከጀርባዋ አንዲት ሴት በስልኳ የጃኬቷን ኮሌታ ስታነሳ አየሁ። ያንቺ ሥራ ነው! መጀመሪያ ሳየው ቆርጬ ላወጣት ነበር። አሁን ለሁለቱም ነው የማስተካክለው፣ ነገ እዚህ አስገባዋለሁ።

እማዬን ሁሉንም አሳይቼያት የመረጠችው ግን ኬብል የሚጠቀልለውን ሽማግሌ ነው። ለምን ስላት «እሱ እንደኔ ሌሊቱን ሲሠራ አድሯል፣ ያስታውቃል» አለችኝ። አትሜ ልሰጠው እፈልጋለሁ።

ዳዊት፣ ዛሬ ወረቀቱ እንደገና ተለጥፏል፣ ከእኛ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ፣ ለሐሙስ። ከሌሊት ሥራ የምወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ነው። እስከዚያ ይኖራሉ ወይስ ያልቅባቸዋል?

ዳዊት_ኩዊንስ

ይኖራሉ። 1 ሰዓት ላይ ገና መኪናቸውን እያራገፉ ነው፣ ቁርስ ላይም ትደርሻለሽ። ለሽማግሌው መስጠት ከፈለግሽ ያኔ ነው፣ ካሜራ መሥራት ከጀመረ በኋላ ማንም አይሰማሽም። ፎቶውን ለፒኤው አሳዪው፣ ወስዶ ያገናኝሻል። ያው ልጅ ከሆነም አትቀየሚው፣ ቡና ይዘሽለት ሂጂ።